ዚቢቦ እና ዘቢብ

በጣሊያን ስኖር ብዙ ዓመታት አልፈውኛል፤ ባለፈው መስከረም በፓንቴሌሪያ ደሴት የቀረበልኝን ያህል ያሳፈረኝ ጥያቄ ግን አላስታውስም። አንድ አረጋዊ ገበሬ ወይናቸውን «ዚቢቦ» ብለው ሲጠሩልኝ፣ እኛም ዘቢብ እንደምንል፣ ለስለት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደምንወስደው፣ ለቁርባን የሚቀርበውም ከእርሱ እንደሚጨመቅ በደስታ ነገርኳቸው። የእርሳቸው ቃል ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙም ያው የእኛው ዘቢብ ነው። ሽማግሌው ግን ወዲያው «የእናንተው ከየትኛው የወይን ዝርያ ነው? የትስ ነው የሚደርቀው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እርሳቸው ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበራቸው። ደሴቲቱ በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ያለች የእሳተ ገሞራ ምድር ናት፤ ነፋሱ ስለማያባራና ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ የወይን ግንድ በተቆፈረ ጎድጓዳ ውስጥ ተተክሎ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ እንዲያድግ ይገረዛል፤ ጎድጓዳው ከነፋስ ይከልለዋል፣ ያገኘውንም እርጥበት ይይዝለታል። ይህ አተካከል በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በነሐሴ ከተለቀመው ፍሬ ከፊሉ ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ከዘለላው በእጅ እየተለየ፣ ዘግይቶ ከተለቀመው ወይን በተጨመቀውና በመብላላት ላይ ባለው ጭማቂ ውስጥ ይጨመራል። ፓሲቶ የሚባለው ወይን ጠጅ ጣፋጭነቱንና መዓዛውን የሚያገኘው ከዚሁ ነው።

ቡናውን ይርጋጨፌና ሐረር ብሎ ለይቶ የሚጠጣ ሕዝብ፣ ወደ መቅደስ የሚያስገባውን ዘቢብ ያለ ስም መቀበሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንገበግበኛል። ስመለስ በማገለግልበት ደብር ዘቢብ የሚገዙትን ወንድሞች ጠየቅኳቸው፤ «ከሱቅ ነው» አሉኝ፤ እኔም ለዓመታት ከዚያው ሱቅ ገዝቼ ሳመጣ ምንም አልጠየቅኩም ነበር። ጥንቃቄ የጎደለን ሰዎች ሆነን አይደለም፤ ዘቢቡ ንጹሕ መሆኑን አንድ በአንድ እየለቀምን እናረጋግጣለን። ከየትኛው አፈርና ከየትኛው ግንድ እንደመጣ ግን አንጠይቅም።

ባለፈው እሑድ የገዛሁትን ፌስታል አገላብጬ አነበብኩት። የታሸገበት አገር ስምና ክብደቱ ተጽፏል፤ የወይኑ ስም ግን የለበትም።