ሰሐራን ለማቋረጥ የተዘጋጀው የቨርጂኒያ ሌክሰስ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሌክሰስ የምንገዛበት ምክንያት ለብዙ ዘመን የማያከራክር ነበር። መኪናው የሚገዛው በሠርግ ቀን ታጥቦና ተወልውሎ አዳራሽ በር ላይ እንዲቆም፣ በበዓል ማግስት ዘመድ ጥየቃ ሲኬድ በመስኮት እንዲታይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶው አዲስ አበባ ደርሶ «ልጁ አለፈለት» እንዲያሰኝ ነው። ጭቃ የነካው ሌክሰስ ስለ ባለቤቱ የሚመሰክረው ስንፍናውን ብቻ ነበር። ይህ ሥርዓት ከሥሩ መናጋቱን የተረዳሁት አንድ ወዳጄ እቁብ በወጣለት ሰሞን አሮጌ ሌክሰስ ገዝቶ፣ ድንጋይ እንዲወጣ፣ ወንዝ እንዲሻገርና ሰው ጣራው ላይ እንዲያድር አድርጎ ሊያሠራው መወሰኑን ባበሰረን ጊዜ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ በአሜሪካ «ኦቨርላንዲንግ» ይባላል። ሲሰሙት ያማረ ነው፤ መኪናው መኝታ ቤትም፣ ማድ ቤትም፣ ጋራዥም ሆኖ ባለቤቱ ከሆቴልና ከነዳጅ ማደያ ርቆ ለቀናት በዱርና በበረሃ ይጓዛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ከለንደን በሁለት ላንድሮቨር ተነሥተው በማግሥቱ ዓመት ሲንጋፖር የገቡት የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች ዛሬ ቢሆኑ ኖሮ፣ ማቀዝቀዣው፣ መሳቢያውና የጣራ ድንኳኑ ተሟልቶ እስኪገጠም ድረስ እስካሁን ከለንደን ባልወጡ ነበር።

ወዳጄ የመረጠው ሌክሰስ ጂኤክስ 470 መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስነቅፈው አይደለም። ይህ መኪና ከ2003 እስከ 2009 ሞዴል ድረስ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የቆዳ ወንበሩን ችላ ብሎ ሥሩ ገብቶ ላየው ሰው፣ በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የእርዳታ ድርጅቱም የሚሽቀዳደሙበት ያው ፕራዶ ነው። 4.7 ሊትር፣ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ ኃይሉ ሁልጊዜ ለአራቱም ጎማ ይደርሳል፤ አዲስ ሳለ 45,000 ዶላር ገደማ ይጠየቅበት የነበረው ዛሬ ብዙ ማይል ቆጥሮ በ10,000 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በአንድ ጋሎን ቤንዚን 15 ማይል ገደማ ብቻ እንደሚሄድ ስናነሣበት ወዳጄ «ቪኤይት ነዋ!» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አዲስ አበባ ላይ ቪኤይት ከሚነዱት መካከል ለነዳጅ ከኪሱ የሚከፍለው ጥቂት መሆኑን ግን የዘነጋ ይመስላል።

መካኒካችን በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ጠባብ ጋራዥ ያላቸው፣ ከአገር ቤት ጀምሮ ዕድሜያቸውን በቶዮታ ሥር ተጋድመው ያሳለፉ ሰው ናቸው። መኪናውን አንሥተው ከታች ካዩት በኋላ ሁለት ነገር አዘዙ። የሞተሩን ክፍሎች አያይዞ በልክ የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ በየ90,000 ማይሉ መለወጥ ስላለበት እርሱ ከውኃ ፓምፑ ጋር ይቅደም፤ የኋላው የአየር ሞላም በእርጅና አየር መያዝ ስላቃተው ወጥቶ በብረት ሞላ ይተካ። ሁለተኛው ምክር መኪናውን ከፍ ስለሚያደርገው ወዳጄ በደስታ ተቀበለው። የመጀመሪያው ግን ፊቱን አጠቆረው፤ ቺንጋ ፎቶ አይነሣማ።

«ጋሼ፣ ቺንጋው ትንሽ ይቆይና መጀመሪያ ጎማውን ብናስገባስ?»

«ልጄ፣ ጎማው እስከፈለግህበት ያደርስሃል። ቺንጋው ከተበጠሰ የምትመለሰው ግን ተጎትተህ ነው።»

ጎማው ገባ። ባለ33 ኢንቹ ጎማ ለዚህ መኪና ስለሚበዛበት መሪው ሲጠመዘዝ ቦዲውን ከሻሲው ጋር ከሚያያዘው ብረት ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ብረቱ ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፍጥነት መቁጠሪያው እውነት መናገር አቁሟል፤ የሚቆጥረው በድሮው ጎማ ልክ ስለሆነ 60 ማይል ሲል መኪናው የሚሄደው 65 ገደማ ነው። ይህን ለወዳጄ ያስረዳው ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ያስቆመው ፖሊስ ነበር። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ግዢ መካከል ለእውነተኛ ተጓዥ የሚጠቅመው ደህና ጎማ፣ ደህና ተቀያሪ ጎማና አየር መሙያ ብቻ ነው። አሸዋ ላይ የጎማውን አየር ቀነስ አድርጎ መሬቱን በሰፊው እንዲረግጥ ማድረግ ከብዙ ዓይነት መቀርቀር ያድናል፤ አየር ማስተንፈስ ገንዘብ ስለማያስወጣ ግን ማንም ሲያወራለት አልሰማሁም።

ጣራው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። አውቶቡስ ተራ ማንኛውም አሮጌ አውቶቡስ ተሸክሞት የሚዞረው ፖርቶመጋላ በአሉሚኒየም ተሠርቶና ጥቁር ተቀብቶ ሲመጣ 1,000 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። በላዩ የሚታጠፍ ድንኳን ተጫነ፤ በጎኑ አካፋ፣ መጥረቢያ፣ ከአሸዋ የሚያወጡ ሁለት ብርቱካናማ ሰሌዳዎችና የውኃ ጀሪካን ተሰቀሉ። ውኃ በፈረቃ የሚደርሳቸው የአዲስ አበባ እናቶች በየደጃፋቸው የሚያሰልፉት ያ ጀሪካን፣ ቨርጂኒያ ላይ ከነቁልፉ የጀብዱ ምልክት ሆኖ ተሰቅሎ ሳየው ለእነርሱ ብዬ ቅር አለኝ። የእድራችን ሰብሳቢ ድንኳኑን ገና እንዳዩት ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠየቁ፤ ሁለት ብቻ መሆኑን ሲሰሙ ፍላጎታቸው ወዲያው ጠፋ።

ወዳጄ ድንኳኑን ለሙከራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዘርግቶ ፎቶውን ለእናቱ በላከ ዕለት ደግሞ አዲስ አበባ ለቅሶ ሆነ። ድንኳን የተተከለበትን የልጃቸውን ደጅ ያዩት እናት ደውለው «ማን ሞቶብህ ነው የደበቃችሁኝ?» አሉ። ማንም እንዳልሞተና ድንኳኑ እርሱ ራሱ መኪና ላይ ወጥቶ የሚያድርበት መሆኑን ሲነግራቸው ለቅሶው ባሰ፤ ቤቱን ባንክ የወሰደበት መስሏቸዋል። ባለቤቱ በበኩሏ መሰላሉን ከታች ወደ ላይ ከተመለከተችው በኋላ «እኔ ማሽላ ጠባቂ ነኝ እንዴ፣ ማማ ላይ የምተኛው?» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ልጆች ሳለን ከመተማ ገብተው በሞያሌ የሚወጡ፣ አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጡ ፈረንጆች በአቧራማ ላንድሮቨር በከተማችን ያልፉ ነበር። በጎኑ አካፋ ስለነበረው መንገድ የሚቀይሱ ሠራተኞች ይመስሉን ነበር እንጂ ለደስታቸው የወጡ ናቸው ቢባል ባላመንን። በዚያው መንገድ ላይ አይሱዙው በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተሳፋሪና ፍየል ጭኖ ይሄዳል፤ ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ከጣራ አየር የሚስብበት ስኖርክልም፣ ከተቀረቀረበት በገመድ ጎትቶ የሚያወጣው ዊንችም የለውም። ዳገት ላይ ሲደክም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ኋላ ታኮ ያደርጋል፤ ጭቃ ሲይዘው ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ ሾፌሩንና ዘር ማንዘሩን እየረገመ፣ ይገፋል። የሚገፋ ሰው በሞላበት አገር ያደገው ወዳጄ ለዊንቹ ብቻ ያወጣውን ገንዘብ እዚህ ልጽፈው አልደፍርም፤ ባለቤቱ ልታነበው ትችላለች።

መኪናው ለታላቁ ጉዞ ተሰናድቶ ሳለ የመጀመሪያው ፈተና ከወደ አፍሪካ በራሱ መጣ። የወዳጄ ሚስት እናት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፉ ሆነና ለአቀባበሉ አብሬ ሄድሁ። በሞላው፣ በጎማውና በድንኳኑ ምክንያት የመኪናው ቁመት ከ2 ሜትር ከ20 አልፎ ስለነበር፣ ለወንዝ መሻገሪያ የአየር ቱቦው እስከ ጣራ የተዘረጋለት ሌክሰስ ፎቅ ፓርኪንግ መግቢያ ላይ ከተንጠለጠለው የቁመት ልክ ፊት ቆሞ ቀረ። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች በክላክስ እየታገዙ ወደ ኋላ እንድንወጣ ረዱን።

እማማ ከተርሚናሉ ሲወጡ ሁለት ሻንጣ ይዘው ነበር፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ አንድ ፍሬ በርበሬ እንኳ የማያስጨምር። የጂኤክስ የኋላ በር ወደ ጎን፣ ያውም ወደ እግረኛው መንገድ ስለሚከፈት ገና ሲከፈት እናትን ከሻንጣቸው ለያያቸው። ዞረን ስናይ የሦስተኛው ረድፍ ወንበር ተነቅሎ በቦታው መሳቢያዎች ገብተዋል፤ በመሳቢያዎቹ ላይ 45 ሊትር ማቀዝቀዣ ተቀምጧል፤ በማቀዝቀዣው ጎን እርሱን የሚመግብ ሁለተኛ ባትሪ፣ በባትሪው ጎን አየር መሙያና የጋዝ ምድጃ አለ። የኋላ ወንበሩ በብርድ ልብስና በመኝታ ከረጢት ተሞልቷል። ጣራው ላይ፣ እንደሚታወቀው፣ ድንኳን አለ።

«ልጄ፣ ይህን የሚያህል መኪና ሻንጣ አይጭንም?»

«ይጭናል፣ እማማ። የራሱን ዕቃ ነው እንጂ።»

አፍሪካን ለማቋረጥ የተሠራው መኪና ከአፍሪካ የመጡ የአንዲት እናት ድርቆሽና ሽሮ መሸከም አቅቶት ታክሲ ተጠራ። ካምሪ የሚነዳው የአገራችን ልጅ ሁለቱንም ሻንጣ ባንድ ትንፋሽ ከጫነ በኋላ ሌክሰሱን አየት አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ተበላሽቶብህ ነው?» አለው።

ከዚህ ውርደት በኋላ ጉዞው የግድ መደረግ ነበረበት። የተመረጠው ሬዲሽ ኖብ፣ በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ ወሰን ላይ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ያለ ተራራ ነው። ቁመቱ 1,340 ሜትር ገደማ ሲሆን ወዳጄ ስለ ከፍታው ድምፁን ሰብሰብ አድርጎ ያወራ ነበር፤ መስቀል አደባባይ ማስቲካ የሚያዞር ልጅ ከዚያ ጫፍ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደሚውል ላስታውሰው ፈልጌ ተውሁት። ያላጣራው ነገር ደግሞ ነበር፤ ጠባብ ይሁን እንጂ እስከ ጫፉ ድረስ የሚወጣ አስፋልት አለ። ስንደርስ አንድ አሮጌ ኮሮላ ቀድሞን ቆሟል፤ ነጂዎቹ ተማሪዎች ኮፈኑ ላይ ተቀምጠው ፒዛ ይበላሉ። ወዳጄ ድንኳኑን አልዘረጋም። በመመለሻችን ብቻ፣ ፓርኪንጉ ጥግ ውኃና አፈር የቋጠረ ጎድጓዳ አስፋልት አግኝቶ፣ መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ እስኪለብስ ድረስ ተመላለሰበት። ጭቃው ለእሑድ ቅዳሴ ሳይታጠብ ተጠብቆ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ እዚያም ከተወለወሉት ሌክሰሶች መካከል ሲቆም አንድ አረጋዊ አዝነውለት ከመኪናቸው ጨርቅና ባልዲ አውጥተው አቀበሉት።

አሁን ወዳጄ ዓይኑን ተከታዩ ሞዴል፣ ጂኤክስ 460 ላይ ስለጣለ ይህኛውን ሊሸጥ ነው። ለተገጠመው ዕቃ ያወጣው ከመኪናው ዋጋ አልፏል፤ ገዢ ደግሞ ሌላው ሰው በራሱ አምሮት የገጠመውን ዕቃ በሙሉ ዋጋ አይገዛም። በመሆኑም ማስታወቂያው ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ዊንቹና ስለ ማቀዝቀዣው ብዙ ካተተ በኋላ፣ ዋጋ እንዲያወጣ ተብሎ «ከአስፋልት ወጥቶ አያውቅም» የሚል መስመር ተጨመረበት፤ በማስታወቂያው ውስጥ ማጋነን የሌለበት መስመር ይህ ብቻ ነው። ቀድሞ የደወለው ከሜሪላንድ፣ በቅርቡ የሚሠረግ የአገራችን ሰው ነበር። ስለ ሞተሩ አልጠየቀም፤ ስለ ቺንጋውም አልጠየቀም። ያን ሁሉ ብረት ከላዩ ነቅሎ፣ ቀለሙን አሳድሶ፣ ወደ ንጹሕ ሌክሰስነቱ ለመመለስ ስንት እንደሚፈጅ ብቻ ጠየቀ።