ይድረስ ለክቡር ባዶ ጀሪካን፣ ካሉበት ጀልባ

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በእርስዎ ምክንያት ወገቤን ከማመሙ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጣና ላይ፣ ከባሕር ዳር ብዙም ሳልርቅ፣ አንድ እግሬ መረብ ውስጥ ተጠላልፎ ሌላው እርስዎ ሆድ ሥር ተወትፎ ነው። ጀልባችን 5 ሜትር ናት። ከዚያ ላይ የእኔንና የጋሼን መቀመጫ ይቀንሱ። መረብ አለ፣ ሁለት መቅዘፊያ አለ፣ እንደ መልህቅ የምንጥለው ድንጋይ ከነገመዱ አለ፣ ጆንያና የምሳችን ፌስታል አለ። ሁሉም ሥራ አላቸው። እርስዎ ግን አራት ሆነው ተሰይመዋል። አንድዎ 20 ሊትር፣ በድምሩ 80 ሊትር አየር። አየር ደግሞ ጣና ላይ ሞልቷል፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ሐይቅ ላይ ሲነፍስ ነው የሚውለው፣ እኛ ጭነን መውሰድ አይጠበቅብንም።

እሺ፣ አንቱታው ይብቃን። አንተ ብልህ ይቀለኛል።

ሰፈር ውስጥ ጀግና እንደሆንክ አልክድም። ውሃ ሲጠፋ ባለቤትህን ተክተህ ሰልፍ ትቆማለህ፤ እሱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎም ወረፋው አይነካበትም። ግን እዚህ የምን ወረፋ ይዘህ ነው? ዙሪያችንን ውሃ ነው!

የምትመካው በጋሼ ነው። ዘይት ሞልተህ የገባህበት ቀን ትዝ እያላቸው ይሆን እንጃ፣ እጃቸው አይጨክንብህም። «ጋሼ፣ አንዱን እንኳ ቤት እንተወው?» ስላቸው «ተው ልጄ፣ አንድ ቀን ያስፈልገናል» ይላሉ። ያ አንድ ቀን ይኸው ሦስት ዓመቱ።

ያለፈው ሳምንት ግን አንጀቴን በላኸው። ማታ የጣልነውን መረብ ንጋት ላይ ስንስብ የቆሮሶ ዓሳው ደህና ነበር። የት ይቀመጥ? መሃሉን አንተ ይዘኸዋል። መረቡ ላይ ዘረገፍነው። ቆሮሶ ደግሞ ጀርባው እሾህ ነው፤ ከወጣበት መረብ ተመልሶ ገባበት። ስንፈታ፣ እንደገና ስንፈታ፣ ጋሼ ሲያማርሩ እኔ ስስቅ ከዚያ እኔም ሳማርር ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፤ የከሰዓቱ ነፋስም ደረሰብን፤ ጀልባዋ መንገዳገድ ስትጀምር አራታችሁም ከጫፍ ጫፍ እየተንከባለላችሁ ጓ! ጓ! ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል ሲባል ፕላስቲክንም እንደሚጨምር ያን ቀን ገባኝ። ዳር ስንደርስ ገዢው የአንዱን ዓሳ ጉንጭ ገልጦ አየ። ምንም አላለም። ዋጋውን ብቻ ቀነሰ።

ከዚህ ሁሉ ያሳፈረኝ ግን ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ያየሁት ታንኳ ነው። ከደንገል ሣር የታሰረ ነው እኮ! ሣጥን የለው፣ መደርደሪያ የለው፣ ከውሃው ከፍ ያለ ግድግዳ እንኳ የለው። እንጨቱ ግን መሃል ለመሃል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ልክክ ብሎ፣ ባለቤቱ ቀዘፋ እያደረገ በአጠገባችን አለፈ። እኛ ባለ ጣውላዎቹ እግራችንን የት እናድርገው እያልን ስንከራከር ሰላም ብሎን ሁሉ ነው የሄደው።

ስለዚህ እሁድ ዕለት ቢላዋ ስዬ መጣሁ። አትደንግጥ፣ ሹመት ነው።

አንደኛህን ጎንህን ቀድጄ ከመቀመጫው ሥር ወሸቅኩህ፤ መንጠቆው፣ ቢላዋውና ትርፍራፊ ገመዱ አንተ ውስጥ ገቡ። (ቂጤን ስንት ጊዜ መንጠቆ እንደወጋው ለአንተ አልነግርህም።) ሁለተኛህን ክዳንህን አጥብቄ ቂጥህን ቆረጥኩት፤ ጀልባዋ የምታስገባውን ውሃ መጭለፊያ ሆንክ። ሦስተኛህ መረቡ ጫፍ ላይ ታስረህ ሐይቁ ላይ ታድራለህ፤ መረባችን የት እንዳለ ከሩቅ የምታሳየን አንተ ነህ። ቢጫነትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን።

በለቀቅከው ቦታ መረቡን አሳመርኩት። መረቡን የሚያሰምጠው የእርሳሱ ገመድ በአንድ ጎን፣ የሚያንሳፍፈው የቡሹ በሌላ ጎን፣ እጥፍ እጥፍ ብሎ ጆንያው ላይ ተኛ። ድንጋዩ ከጫፍ ተነስቶ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጀልባዋም አፍንጫዋን መድፋት አቆመች። ዓሳው የራሱ ጥግ አለው፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ። እግሬን ዘረጋሁ። እውነቴን ነው፣ ዘረጋሁ።

የቀረኸው አራተኛው ነህ። ክዳን የለህም፣ ጎንህ ተሰንጥቋል፣ ለምንም አትሆንም። ትናንት ማታ ለጋሼ በትህትና ይሄንን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ነቀነቁ። ዛሬ ጠዋት አምስተኛ ጀሪካን አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

«ይሄኛው ክዳን አለው» አሉኝ።