ማስተካከያ፦ ስለ ኤፒ ካልኩለስ የጻፍኩት ላይ ስህተት አለ
ሰላም ወገኖች፣ ባለፈው እዚህ አሜሪካ ሃይስኩል ልጅ ላላችሁ "ካልኩለስ ቢሲ ለመውሰድ መጀመሪያ ኤቢን መጨረስ ግዴታ ነው" ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። (ኤፒ ማለት ሃይስኩል እያሉ የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርትና ፈተና ነው፣ ኤቢና ቢሲ ደግሞ ሁለቱ የካልኩለስ ኮርሶች ናቸው።) ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ እንደዛ አይልም፣ ቢሲ የኤቢን ትምህርት ሙሉውን ይዞ ላዩ ላይ ሲሪስ፣ ፓራሜትሪክ፣ ፖላር ምናምን የሚባሉ ርዕሶች ይጨምርበታል፣ ስለዚህ ፕሪካልኩለስን (ከካልኩለስ በፊት ያለውን ሂሳብ) በደንብ የጨረሰ ልጅ ቀጥታ ቢሲ መግባት ይችላል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ህግ ሊኖረው ስለሚችል ግን ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) ጠይቁ። ሌላ የዘለልኩት ነገር፣ ቢሲን የተፈተነ ልጅ ከ1 እስከ 5 ካለው ዋናው ውጤት ሌላ የኤቢ ሰብስኮር (በኤቢው ክፍል ብቻ ያመጣው ውጤት) ለብቻው ይሰጠዋል፣ ማለትም ሲሪስ ቢጥለው እንኳን (እኔንም የገደለኝ እሱ ነው) በኤቢው የኮሌጅ ክሬዲት ሊያገኝ (ኮርሱን እንደወሰደ ሊቆጠርለት) ይችላል፣ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው። ሁለቱንም ፈተና በአንድ አመት መውሰድ ግን አይቻልም።