የመነኩሲቷን ነገር ዘላችሁታል

ያወጣችሁት ጽሑፍ «ናይት ኦፍ ዘ ዲመንስ 2» የተባለውን አስፈሪ ፊልም የመጀመሪያው ክፍል ርካሽ ቅጂ ብሎ ማለፉ በጣም አናደደኝ። በጀቱ ትንሽ ነው፣ እሺ። ግን የ1988ቱ ፊልም ወጣቶቹን ለሃሎዊን ጭፈራ ሃል ሃውስ የሚባል የተተወ ቤት አስገብቶ እዚያው ይፈጃቸዋል፤ የ1994ቱ ደግሞ አጋንንቱን ከዚያ ቤት አውጥቶ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ድረስ ያመጣቸዋል፣ የአንጄላን (በመጀመሪያው ፊልም ጋኔን የያዛት ልጅ) ታናሽ እህት ሜሊሳንም ስለሚጨምር ነገሩ የቤተሰብ ጣጣ ይሆናል። መነኩሲቷ ሲስተር ግሎሪያስ? ማስመሪያዋን እንደ ጎራዴ ይዛ፣ ፊኛ ውስጥ ጸበል ከሞሉ ተማሪዎች ጋር አጋንንት ልትገጥም ስትሄድ ያየ ሰው እንዴት ስለሷ አንድ መስመር እንኳ አይጽፍም? ለኔ የፊልሙ ምርጥ ሰው እሷ ናት። የስቲቭ ጆንሰን ሜካፕም ቢሆን ዛሬም ያስፈራል፣ ያ የተሸበሸበ የአንጄላ ፊት በቅርብ ሲታይ ቆዳ ነው የሚመስለው። እባካችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ እዩዋቸው።