ወደ ግራ መዞር ብቻ?

ስለ መኪና ውድድር የወጣው ጽሑፍ ጸሐፊ በአሜሪካ አላባማ ግዛት የሚካሄደውን የታላዴጋ የመኪና ውድድር «መሪን ወደ ግራ ማዞር ብቻ» ብለው ማለፋቸው አልተዋጠልኝም። እኔም ጓደኞቼ ከአትላንታ ጎትተው እስኪወስዱኝ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር። አንዱ ዙር 4.28 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኩርባው ላይ አስፋልቱ 33 ዲግሪ ስላዘነበለ ከሩቅ ሲያዩት ግድግዳ ይመስላል። መኪኖቹ ተጠጋግተው ሲያልፉ ድምፁ ደረት ላይ ያርፋል።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው የነፋሱን ነገር ነው። የፊተኛው አየሩን ይሰነጥቃል፣ የኋለኛው በተከፈተለት ይከተላል፤ ሁለቱ ተያይዘው ብቻውን ከሚሮጥ መኪና ይፈጥናሉ። ታዲያ ሙሉ ቀን ሲገፋህ የዋለው ሰው መጨረሻው ዙር ላይ ጥሎህ ይሄዳል! እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያው ሹፌሩ ጂሚ ጆንሰን ተፎካካሪውን ክሊንት ቦየርን የቀደመው በ0.002 ሰከንድ ነበር።

ጸሐፊው ውድድሩ አደገኛ ነው በማለታቸው ግን እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 የተወዳዳሪው የቦቢ አሊሰን መኪና ከመሬት ተነሥታ የተመልካቹን አጥር ቀደደች። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቀንሰው ቀዳዳ ያለው ዝርግ ብረት በ1988 የገባው በዚያ ምክንያት ነው። ፍጥነቱን ቢገታም ሁሉንም እኩል አድርጎ በመንጋ እንዲሮጡ አደረጋቸው፤ አንዱ ሲስት ብዙዎቹን ይዞ ይወድቃል። እኔ በበኩሌ ትኬት የምገዛው ከላይኛው ረድፍ ነው።