የኤሲ ጋዝ በየዓመቱ አይሞላም

ወንድሜ፣ «ከኮርኒስ በላይ የተገጠመ ኤሲ ማቀዝቀዝ ከቀነሰ ጋዙ አልቋል፤ በየዓመቱ ማስሞላት ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ጋዙ ግን እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል እንጂ። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ማስሞላት ገንዘብ መጣል ነው፤ ከባቢ አየርንም ይጎዳል።

ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጋዙ አይደለም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እይ። ከዚያ ከኮርኒሱ በላይ ውጣና የአየር ቱቦዎቹን መጋጠሚያ በእጅህ ዳስስ። በሙቀት ወራት እዚያ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል በማለዳ ውጣ፣ እባክህ። ቀዝቃዛው አየር እዚያው ሾልኮ ከቀረ ክፍሉ በምን ይቀዝቅዝ? መጋጠሚያውን በቱቦ ማሸጊያ ማስቲክ ወይም በአሉሚኒየም ቴፕ አሽገው። ተራው የጨርቅ ቴፕ በሙቀት ይላቀቃል።