ፎቶዋ ምን አጠፋ?

አውስትራሊያዊቷ ተጫዋች ታይላ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 የተነሳችው ፎቶ ከዓይኔ አይጠፋም። ኳሷን ጠልዛ አየር ላይ ናት። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ለቀዋል፤ የመታችበት እግር ሽቅብ ተወርውሯል። የክለቧን የካርልተንን ጥቁር ሰማያዊ ማሊያ ለብሳለች። ያኔ ገና 21 ዓመቷ ነበር።

ጨዋታው የአውስትራሊያ ፉትቦል ነው፤ እኛ ከምናውቀው ኳስ ይለያል። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። ጎሉ አራት ቋሚ እንጂ አግዳሚ የለውም። ኳሱን መትቶ በሁለቱ መሃለኛ ቋሚዎች መካከል ያሳለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። አክርሮ መምታት እዚያ ትልቅ ችሎታ ነው። ታይላ የታወቀችውም በዚሁ ነው።

የሴቶቹ ሊግ የተጀመረው በፌብሩዋሪ 2017 ነው። በመክፈቻው ካርልተንና ኮሊንግዉድ ሜልቦርን ላይ ሲገናኙ 24,568 ሰው ገብቶ በሩ ተዘጋ። የሊጉ ኃላፊ ወጥቶ ውጭ የቀረውን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ታይላ በ19 ዓመቷ ለብሪስቤን ላየንስ ተሰልፋ ፍጻሜ ደረሰች፤ በአዴሌድ ክለብ በ6 ነጥብ ብቻ ተሸነፉ። ክፍያው ግን ያሳፍር ነበር። በዝቅተኛው እርከን ያሉ ተጫዋቾች ለአንድ ሲዝን የሚያገኙት 8,500 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ቀን ሌላ ሥራ፣ ማታ ልምምድ። ታይላ ራሷ ጎን ለጎን በፕሮፌሽናል ቦክስ ትጋጠም ነበር።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ሰቨን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በማኅበራዊ ገጹ ለጠፈው። ከሥሩ የስድብ መዓት ወረደ። ስለ አመታቷ አይደለም፤ ስለ ሰውነቷ፣ ያውም ጸያፍ ጸያፉን። ጣቢያው ምን አደረገ? ፎቶውን አነሳው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ተሳዳቢዎቹን ማንም አልነካቸውም፤ ከገጹ የወጣችው ተሰዳቢዋ ናት። ምናልባት ሊከላከሉላት አስበው ይሆናል። እኔ ግን አልቀበለውም። ኳስ የጀመረች አንዲት ልጅ ይህን አይታ የምትማረው፣ ከተሰደብሽ ትደበቂያለሽ የሚለውን ነው።

ሰዉ ተቆጣ። ጣቢያው ይቅርታ ጠይቆ ፎቶውን መለሰው። ታይላም ነገሩን በስሙ ጠራችው፦ ወሲባዊ ጥቃት ነው አለች። በዚያ ዕድሜ፣ አገር ሁሉ እያየ፣ ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የዚያ ምት ሐውልት ሜልቦርን ፌዴሬሽን አደባባይ ተመረቀ። ቁመቱ 3.3 ሜትር ነው። ደስ ብሎኛል፣ ይገባታልም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያች ልጅ ሥራ ኳስ መምታት ነበር። በሥራዋ መጀመሪያ ዓመታት ስለ አመታቷ መጠየቅ ሲገባት፣ ስለ ሰዳቢዎቿ ስትጠየቅ ከረመች። ጎበዝ ናት እያልን ስናጨበጭብ ይህን እንረሳዋለን።

ገጽ የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ኮሜንት ይሰረዛል። ሰው ይታገዳል። አስተያየት መስጫውም ይዘጋል። አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የእናንተ ሥራ ነው፣ የተጫዋቿ አይደለም።